እንግዳ ሲጠብቅ የረገፈው ሰሊጥ

ለተከበሩ የጓንግ ማዶ ማኅበረሰብ ኮሌጅ ዲን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በኮሌጁ ሰሌዳና የቴሌግራም ገጽ ላይ «ዜናዎችና መጪ ክንውኖች» በሚለው ዓምድ ሥር ስለ ማሳዬና ስለ ልጄ የወጣውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ምክትልዎ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ፣ እንዲሁም የኮሌጁ ድንኳን፣ የኮሌጁ ድምፅ ማጉያና ነጭ ጨርቅ የሚለብሱት የክብር እንግዳ ወንበሮች በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የየካቲት ሙቀት ቆላውን እያነደደው ስለሆነ፣ በተለይ ወንበሮቹ ጥላ እንዳይጎድልባቸው ከልብ እመኛለሁ። እኛ የኮኪት ገበሬዎች ለአምላክ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን።

ስሜ አለነ ባየልኝ ይባላል። አባቴ ከደጋ ወርዶ ይህን መሬት ሲመነጥር እኔ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ለጎረቤቶቼ ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው በመሆኔ፣ የኮሌጁን ዜና ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አያስፈልገኝም። ይህን የምለው ለመኩራራት ሳይሆን፣ ዜናውን የጻፉት ሰው የማሳው ባለቤት ማንበብ አይችልም ብለው አስበው ከሆነ፣ ለወደፊቱ እንዲጠነቀቁ ነው።

ገጻችሁን በትጋት እከታተላለሁ። የአስተዳደር ሕንፃው ቀለም ተቀባ፤ ዜና ሆነ። የተቀባው ሕንፃ ተመረቀ፤ ሌላ ዜና ሆነ። መምህራን ለልምድ ልውውጥ ሄዱ፤ ከዚያም ለልምድ ልውውጥ የሄዱት መምህራን በሰላም ተመለሱ። በዚህ ዘመን ደስ የሚል ወሬ የሚሰማበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ ከኮሌጁ የሚመጣው እንኳ እንዳይቋረጥብን እላለሁ።

ከዜናዎቹ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ በኅዳር የወጣው ነው። ርእሱ «ዓመታዊው የመስክ ቀን በድምቀት ተከበረ» ይላል። ስለ ድምቀቱ አልከራከርም፤ ፀሐዩ በእርግጥ ደማቅ ነበር። ከጽሑፉ መጨረሻ ላይ ግን ከፎቶዎቹ በታች፣ ማንም ልብ በማይልበት ቦታ፣ እንዲህ የምትል ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ተማሪዋ መልእክቱን ለቤተሰቧ በወቅቱ ባለማድረሷ በማሳው ላይ መጠነኛ የምርት ብክነት አጋጥሟል።» ማሳው የእኔ ነው። ተማሪዋ ልጄ እስከዳር ናት፤ በኮሌጁ የሰብል ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ ሌላውን ሁሉ ባያነቡልኝ እንኳ አልቀየምም። ቢሆንም ነገሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በቅደም ተከተል ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ ማሳዬን ስለመረጣችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሰሊጡ ገና አበባ ላይ ሳለ ምክትልዎ ከኮሚቴያቸው ጋር መጥተው፣ በስልካቸው ፎቶ አንሥተው፣ የመስክ ቀኑን በራሷ በተማሪያችን አባት ማሳ ላይ ማክበር ለኮሌጁም ለቤተሰቡም ክብር ነው አሉኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። እንግዶቹ ሰሊጡን እንደቆመ እንዲያዩት፣ ኮሌጁ አዲስ ያስመጣው ማጨጃ ማሽንም በፊታቸው እንዲያጭደው፣ እነሱ እስኪመጡ ድረስ ማጭድ እንዳይነካው። ከዚያ በኋላ ማሽኑና ሠልጣኞቹ በአንድ ቀን ሙልጭ አድርገው ያነሡልኛል ተባለ። እስከዳር ከአጠገባቸው ቆማ ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር። ልጁ በትምህርት ቤቷ ስትኮራ ያየ አባት እምቢ የሚልበት አፍ የለውም፤ እሺ አልኩ።

፪. ሰሊጥ ቆሞ እንደማይጠብቅ ኮሌጁ አያውቅም ብዬ ልናገር አልደፍርም። ልጄ ከኮሌጁ ካመጣችው የመማሪያ ጽሑፍ ላይ ለእናቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብላት ሰምቻለሁ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምርና የታችኛው ፍሬ አፉን ሳይከፍት መታጨድ አለበት፤ ከዚያም ነዶው እየተደጋገፈ እንዲደርቅ በሂላ ይቆማል፤ የዘገየ ሰሊጥ ግን ፍሬውን መሬት ላይ ያፈስሳል ይላል። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ያዘጋጁት ምክትልዎ መሆናቸውም ከሽፋኑ ላይ በጉልህ ሰፍሯል። ስለዚህ ምክትልዎ ሰሊጡን ሳታጭዱ አቆዩልን ያሉት ባለማወቅ ነው ብሎ የሚያማቸው ሰው ቢገኝ፣ እኔ ራሴ እከራከረዋለሁ። አውቀው ነው።

፫. ስለ ቀኑ መዛወር። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ከደጋ የሚመጣው መንገድ ሲከፈትና ሲዘጋ ስለከረመ፣ የአጨዳ ሠራተኛ እንደ ድሮው በየጭነት መኪናው ተጭኖ አልወረደም። ያገኘ ሰው እንዳይነጠቅ ቀን ከሌት ይጠብቃል። እኔ ግን ዕድል ቀንቶኝ ባህሩ የሚባል ካቦ ከነሰዎቹ ከጎጃም መጥቶ ማሳዬ ዳር ባለው የሠራተኛ ካምፔ ውስጥ አርፎ ነበር። ሰሊጡ ቢጫ ሆነ፤ ቀኑም ደረሰ። ገጻችሁ ግን በክብር እንግዳው የሥራ መደራረብ ምክንያት ዝግጅቱ ወደ ሌላ ሳምንት መዛወሩን በታላቅ ደስታ አበሠረን። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የታዘዘው ባነር ከጎንደር አልደረሰም ተባለ። በሦስተኛው ምክንያቱን መጻፍ አላስፈለጋችሁም፤ እኛም ለምደን ስለነበር አልጠየቅንም።

ባህሩ በየማለዳው ከማሳው ዳር ቆሞ ሰሊጡን እየዳሰሰ፣ «ኧረ አያ አለነ፣ ይኼ እህል አፉን ሊከፍት ነው፤ እኛኮ እጃችነን አጣጥፈን ልንበላ አልመጣነም» ይለኝ ነበር። ድንበርተኛዬ ሙሐመድጣሂር በገንዳ ውሃ ከተማ ሱቅ ያለው፣ ጎን ለጎን የምናርስ ሰው ነው። እሱም መጥቶ አየና ቢያንስ ዳር ዳሩን አስቆርጥ፣ መሐሉን ለእንግዶቹ ተውላቸው ብሎ መከረኝ። ምክሩ ደግ ስለመሰለኝ እስከዳር ለምክትልዎ እንድትደውል አደረግሁ። ሁላችንም እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍታው ነበር። ምክትልዎ፣ ዳሩ ከተቆረጠ በፎቶ ላይ ማሳው ከብት የገባበት ይመስላል፤ ጥቂት ታገሡ፤ በአባትሽ ላይ ምንም ጉዳት እንዳይደርስ ኮሌጁ ኃላፊነት ይወስዳል አሏት። እኔ ሰማሁ። ባለቤቴ ጸዳለ ሰማች። ሙሐመድጣሂርም ሰማ። ስልኩ ሲዘጋ ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ «ቃል ገብተዋልኮ አባባ» አለችኝ።

በማግሥቱ የባህሩ ሰዎች ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ሙሐመድጣሂር ማሳ ተሻገሩ። አልፈረድኩባቸውም። ሥራ ፍለጋ አገር አቋርጦ የመጣ ሰው እህል ሲረግፍ ቁጭ ብሎ እያየ ደመወዝ ልቀበል ቢል እኔም አላከብረውም። ሙሐመድጣሂር ራሱ መጥቶ፣ «ወላሂ አፍሬ ነው የምወስዳቸው፤ አንተ አላሠራ ብትል ሌላ ሰው ይወስዳቸዋል» አለኝ። ውሰዳቸው አልኩት።

፬. ከዚያ ነፋስ መጣ። ስለ ነፋሱ ኮሌጁን አልከስም፤ ከኮሌጁ የተላከ አልነበረምና፤ ከኮሌጁ ቢሆን ኖሮ ቀኑ ይዛወር ነበር። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የሰሊጡ ፍሬ ከሥር ወደ ላይ እየተሰነጠቀ ሲከፈት ይሰማል፤ ነፋሱ ደግሞ ግንዱን ሲወዘውዘው ያ ሁሉ ዘር ይፈስሳል። የዱር እርግቦች ያለ መጥሪያ ካርድ በሰዓታቸው ተገኙ። ጸዳለ ነጠላዋን ዘርግታ ከመሬት ልታፍስ ተንበረከከች፤ እኔም አጠገቧ ተንበረከክሁ። ካፈስነው ውስጥ ከሰሊጡ አፈሩ በለጠ። እስከዳር ከኋላችን ቆማ ስታየን ነበር።

፭. የመስክ ቀኑ በመጨረሻ ስለተከበረ እንኳን ደስ አላችሁ። ድንኳኑ የተተከለው ገና ጥቂት ፍሬ በቀረበት ጥግ ላይ ስለነበር፣ እሱም እንዲጠናቀቅ ኮሌጁ ላደረገልኝ ትብብር ምስጋናዬ የላቀ ነው። ባነሩ ከጎንደር ደርሶ ነበር። በትልልቅ ፊደል «የምርት ብክነትን በጋራ እንቀንስ» ይላል። ማጨጃው ማሽን በጭነት መኪና ላይ ሆኖ መጣ፤ የሚያወርደው ሰው ስላልተገኘ እንግዶቹ ባለበት ጎበኙት፤ ከነጭነቱም ተመለሰ። በማሳው መግቢያ ላይ ሪባን ተወጥሮ ስለነበር የክብር እንግዳው በመቀስ ቆረጡት። በዚያ ማሳ ላይ ዘንድሮ በሥርዓት የተቆረጠ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ለእኔም የምስጋና የምስክር ወረቀትና ቲሸርት ተበረከተልኝ። ቲሸርቱ ላይም ስለ ብክነት የተጻፈበት ስለሆነ፣ እርግቦቹ አንብበው ይመለሱ እንደሆነ ብዬ ከእንጨት ጋር አቁሜው ነበር፤ እነሱን ግን በዘመቻው ጊዜ ፊደል አላስቆጠርኳቸውም።

፮. አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ፤ ከዚህ በኋላ ቀልድ ቢያንሰኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የክብር እንግዳው አስተዋይ ሰው ነበሩ። ባዶውን የሰሊጥ ግንድ በእጃቸው ይዘው ነቀነቁና፣ ይህ እህል ለምን እስካሁን ሳይታጨድ ቆየ ብለው ጠየቁ። ምክትልዎ ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ከድንኳኑ ሥር ለእንግዶች ውሃ የምታድለውን ልጄን አዩና፣ እንዲታጨድ መልእክት ልከን ነበር፣ ተማሪዋ ለአባቷ ሳታደርስ ቀርታ ነው አሉ። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እስከዳር ዞረ። የውሃውን ጠርሙስ እንደዘረጋች እጇ እዚያው ቀረ። ልናገር ብዬ ብድግ ስል መድረክ መሪው ቀጣዩ መርሐ ግብር የምሳ ግብዣ መሆኑን በድምፅ ማጉያ አስታወቁ።

በምሳው ላይ ይረሳል ብዬ ተጽናናሁ። አልተረሳም፤ ዜና ሆነ። ቀጥሎም በኮሌጁ በር ላይ ባለው ሰሌዳችሁ በስሟ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈባት፤ ኮሌጁን ከማኅበረሰቡ ጋር የሚያጋጭ ቸልተኝነት ፈጽማለች ይላል። ቀርባ እንድትናገር የጠራት ሰው አልነበረም። ጓደኞቿ ከዜናው ቃል ወስደው «መጠነኛ» የሚል ስም አወጡላት። በቤተ ክርስቲያን ደጅም በገበያም የሚወራው፣ የአለነ ልጅ ተምራ መጥታ የአባቷን እህል አስፈሰሰች የሚል ሆነ። እኔና ሙሐመድጣሂር በጆሯችን የሰማነውን ስንናገር ሰዎች በሐዘኔታ ያዩን ነበር። አባት ነው፣ ለልጁ ይሸፍናል፤ ጎረቤት ነው፣ ጎረቤቱን አያሳፍርም ይላሉ። ኮሌጅ የለጠፈውን ወረቀት የገበሬና የነጋዴ ቃል አያወርደውም።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር አውቶቡስ ተሳፍራ ጎንደር ሄደች። አሁን በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች። መጽሐፎቿን ትታ ነው የሄደችው። ስትደውል ስለ ከብቶቹ ትጠይቃለች፣ ስለ እናቷ ወገብ ትጠይቃለች፤ ስለ ኮሌጁ ግን ቃል አይወጣትም። ተመለሽ ብዬ ስለምናት ያለችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ ላስፍረው፦ «አባባ፣ ያ ጽሑፍ እዚያ ተሰቅሎ እያለ በዚያ በር አልገባም። ውሸታም ተብዬ ተመርቄ ማን ያምነኛል?» ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ በሰሊጡ ሳይሆን በዚህ ተናድጃለሁ።

ስለ ሰሊጡ የምጠይቀው ነገር የለም። ምክትልዎ በስልክ ስለገቡት ኃላፊነትም አላነሣም። ክረምት ሲመጣ እዘራለሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜም እንግዳ የሚያይብኝ ማሳ ቢጠፋ ኮሌጁ ቅር እንዳይለው ከወዲሁ አሳስባለሁ። የምጠይቀው ልጄን ነው። በመጪ ክንውኖች ዓምዳችሁ ላይ የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች የብቃት ምዘና ምዝገባ በዚህ ወር መጨረሻ እንደሚዘጋ አንብቤአለሁ። እስከዚያ ካልተመለሰች ስትለፋበት የኖረችው ትምህርት ፍሬ ሳያፈራ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያም ትመለሳለች የሚል ተስፋ የለኝም፤ አውቃታለሁ፣ በእልኽ እኔን ነው የወጣችው።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ በሥራ መደራረብ እንዳይቸገር፣ የሚለጠፈውን ዜና እኔው አዘጋጅቼላችኋለሁ፦ «ሰሊጡ እንዳይታጨድ የጠየቀው ኮሌጁ ነው። ተማሪ እስከዳር አለነ የተላከችውን ሁሉ አድርሳለች። ኮሌጁ ይቅርታ ይጠይቃታል።» ድንኳን አያስፈልገውም፤ የክብር እንግዳ አይጠራበትም፤ ምሳም የለውም። እንዲህ ያለ ዜና ለመለጠፍ ኮሌጁ ልምድ እንደሌለው እረዳለሁ፤ ግን አንድ ሰው ሙጫ ይዞ ወደ በሩ ቢሄድ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሚስጥር ለእርስዎ ብቻ ልልከው አስቤ ነበር። ልጄ የተዋረደችው ግን በአደባባይ ስለሆነ እኔም በአደባባይ መጻፉን መረጥሁ። ሙሐመድጣሂር አንዱን ቅጂ በሱቁ መዝጊያ ላይ እንድለጥፈው ፈቅዶልኛል። ስኳርና ሳሙና የሚገዛ ሁሉ እዚያ ያልፋልና፣ አንባቢ አያጣም ብዬ አምናለሁ።

ክቡር ዲን ሆይ፤ ጊዜዎን ስለ ወሰድኩብዎት ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ማራገቢያ መብራት አይጥፋበት፤ ወደ ስብሰባ የሚሄዱበት መንገድ አይዘጋብዎ፤ ልጆችዎም ከአጠገብዎ አይራቁ። የመጨረሻውን ከልቤ ነው የምመኝልዎት።

ከማይለወጥ አክብሮት ጋር፣
የተማሪ እስከዳር አባት፣
አርሶ አደር አለነ ባየልኝ
ኮኪት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ልፈርም ስል ጸዳለ ከገበያ ተመለሰችና አንድ ነገር ነገረችኝ። በኮሌጁ በር ላይ ለመጪው «የሴት ተማሪዎች ቀን» ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፤ «ሴት ተማሪዎቻችን ኩራታችን ናቸው» ይላል። ከጽሑፉ ጎን አበባ ባወጣ ሰሊጥ መሐል ቆማ የምትስቀው ልጅ እስከዳር ናት፤ ምክትልዎ ያን ጊዜ በስልካቸው ያነሷት ፎቶ ነው። ያለ ፈቃድ ስለተለጠፈ ላማርር አልጻፍኩም። እናቷ ባጃጁን አስቁማ፣ ሹፌሩ እስኪሰለቸው ድረስ እዚያው ቆማ ስታያት ቆይታለች። ስለዚህ ዜናው የማይታረም ከሆነ፣ በዓሉ ሲያልፍ ፎቶውን ቀድዳችሁ እንዳትጥሉት ትለምናለች፤ መጥታ ትወስደዋለች።